አፉን ያሸተቱት ዘበኛ

ይህ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ቤንዚን ጠፍቶ ሰው ማደያ በር ላይ መኪናውን አሰልፎ በሚውልበት ሰሞን ነው። በእኔ ዕድሜ ብዙ ነገር ይረሳል። ይህን ግን ልርሳው ብልም አልሆነልኝም፤ የተዋረደው የሰው ልጅ፣ ያዋረደው ደግሞ የገዛ ልጄ ነውና።

የምኖረው ሲኤምሲ አካባቢ ከልጄ ከፍስሐ ጋር ነው። ግቢው የጋራ ነው፤ በርከት ያሉ ቤተሰቦች አንድ በር፣ አንድ የመኪና ማቆሚያና አንድ ዘበኛ ይጋራሉ። ፍስሐ ቢሮ ነው የሚሠራው። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ቱታውን ለብሶ አሮጌ ዲኤክስ መኪናው ሥር ይተኛል። ጋራዥ መሄድ አይወድም። "አንዱን ጠግነው ሌላውን አበላሽተው ነው የሚሰዱህ" ይላል። ስልኩን ጎማው ላይ አስደግፎ፣ ቪዲዮ እያየ ይፈታል፣ ይገጥማል።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ እጅ አለው። ፍሬን ሲጮህ፣ ባትሪ ሲሞት፣ ሞተር ሲግል ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። "ኢንጂነር" ይሉታል። ሟች ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነበር፤ መኪናውን ደጃፋችን ላይ ራሱ ነበር የሚጠግናት። ፍስሐ ሲፈታና ሲገጥም ሳይ የአባቱ ልጅ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘበኛችን ላምቦሬ ይባላል። ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ ልጆቹን እዚያው ትቶ የሚያሳድግ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የተቀጠረው በዋስ ነው። እዚህ ከተማ ያለ ዋስ ዘበኛ የሚቀጥር የለም፤ ቤት ወይም ቋሚ ሥራ ያለው ሰው "አንድ ነገር ቢጠፋ እኔን ያዙኝ" ብሎ መፈረም አለበት። ለላምቦሬ የፈረመለት ጉርድ ሾላ ጎሚስታ የሆነ፣ የመኪና ጎማ እየለጠፈ የሚተዳደር ያገሩ ሰው ነበር። እንግዲህ ዘበኛ አንዴ ሌባ ከተባለ የሚያጣው አንድ ደሞዝ ብቻ አይደለም። ዋሱ ይሸሻል። ዋሱ የሸሸውን ሰው ደግሞ ማንም በሩ ላይ አያቆመውም።

ነገሩ የጀመረው ፍስሐ "ቤንዚኑ ቆሻሻ አለው፣ መኪናው ይንተፋተፋል" ብሎ ሳልባትዮውን፣ ነዳጅ የሚጠራቀምበትን ጋን ማለት ነው፣ ከመኪናው ሆድ አውርዶ ያጠበ ጊዜ ነው። ላምቦሬም ሲያግዘው ዋለ። ፍስሐ የፈታቸውን ዕቃዎች በቤንዚን እንዲያጥብለት በተቆረጠ ጀሪካን ቀድቶ ሰጠው። ሲጨርሱ የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ ገልብጦ "ለሌላ ቀን ይሆነናል፣ አንተ ጋ አስቀምጠው" አለው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤንዚኑ ይጎድል ጀመር። ፍስሐ ተሰልፎ ውሎ ሙሉ ያስቀዳል፣ ሲመሽ ግቢ ያቆመዋል፣ ጠዋት ሲያስነሣው የነዳጅ ጌጁ ቀስት ወርዷል። መኪናው የቆመበት ቦታ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ድንጋዩ ግን ደረቅ ነው፤ ቤንዚን ኮብልስቶኑ መሐል ካለው አሸዋ ገብቶ ሳይነጋ ይተናል።

"ሌባው ሲቀዳ ያፈሰሰው ነው" አለ ፍስሐ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጩኸት ሰምቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ፍስሐ ላምቦሬን መኪናው አጠገብ አቁሞታል። ጎረቤቶች ጋቢና ፒጃማቸውን እንደለበሱ ከበዋቸዋል።

"ማታ ማን ገባ?"

"ማንም አልገባም ጋሼ።"

"ማንም ካልገባማ አንተ ነሃ!"

የላምቦሬን ክፍል ፈተሹ። ክፍል ይሉታል እንጂ በሩ ሥር ያለች ቆርቆሮ ናት። ከአልጋው ሥር ያ ፕላስቲክ ወጣ፤ ውስጡ ቤንዚን አለ። ሰው ሁሉ "አሃ!" አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ እርስዎ የሰጡኝ ነው እኮ። ዕቃ ያጠብንበት።"

"እኔ? መቼ?"

"ሰጥተኸዋል! ሰምቻለሁ!" ብዬ ከበረንዳው ጮህኩ።

"እማዬ፣ አንቺ ወደ ቤት ግቢ፤ ብርድ ነው" አለኝ፣ ዞሮ ሳያየኝ።

ከመኪና ቤንዚን የሚሰርቅ ሰው ቱቦ ከትቶ በአፉ ስቦ እንደሚቀዳ የማያውቅ የለም። ልጄ ይህ ትዝ አለውና "አፍህን ክፈት" አለው።

ላምቦሬ የሰማውን አላመነም። የሚያስጥለው ሰው እንዳለ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀና አፉን ከፈተ። ለምን ቆቡን እንዳወለቀ አላውቅም። ልጄ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው።

"እህ ኢንጂነር፣ ቤንዚን ነው ናፍጣ?" አለች ጎረቤታችን ሰብለ። ሰው ሳቀ።

"ነጭ ሽንኩርት በልቶበታል። ሽታውን ለማጥፋት አውቆ ነው" አለ ፍስሐ።

ቁርሱን ስለበላ ሌባ የተባለ ሰው ያን ቀን አየሁ።

ኮሚቴው እዚያው ቆሞ እንዲባረር ወሰነ። ጎሚስታውን በስልክ ጠሩት። እጁ እንደጠቆረ መጣ፣ የሚሉትን ሁሉ ሰማ፣ ላምቦሬን ግን ቀና ብሎ አላየውም። "እኔም ልጆች አሉኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዋሱ አይደለሁም" ብሎ ሄደ። ላምቦሬ ካፖርቱንና አንድ ከረጢቱን ይዞ ወጣ። በእኔ በኩል ሲያልፍ "እማማ፣ ደህና ይዋሉ" አለኝ።

በማግሥቱ እራት ላይ ፍስሐን ጠየቅኩት።

"ቤንዚኑ ሲጎድል ቀስቱ የት ላይ ነው የሚያርፈው?"

"ከሙሉው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነዋ። ሁልጊዜ እዚያችው ላይ።"

"ሙሉ ሳታስቀዳ የቀረህ ቀንስ?"

"ያኔ አይነካም።"

"ታዲያ ጋኑ ሲሞላ ብቻ የሚመጣ፣ ልኩን ጠብቆ የሚሄድ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ይሄ ከላይ በኩል የሚያፈስ ነገር ነው። አንተው የፈታኸውን ቦታ እየው።"

ማላመጡን አቆመ። ከዚያ "እማዬ ደግሞ መካኒክ ሆነች!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። የገባው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ሙሉ ያስቀዳ ቀን፣ አመሻሹ ላይ ልብስ የማጥብበትን ሳፋ በኋላ ጎማው በኩል መኪናው ሥር ገፋሁት። ጠዋት ላየው ስወጣ ፍስሐ ቀድሞኛል። መኪናው በክሪክ ተነሥቷል፤ ከሥሩ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ፤ ካቻቢቴ ሲዞር ይሰማል። ሳፋዬ አጠገቡ ነው፤ ቤንዚን ተጠራቅሞበታል። ልጄ እየተፋ እየተፋ ከሥር ወጣ። ጠብታው አፉ ውስጥ ገብቶበታል። ሲያየኝ ክው አለ።

"ምን አገኘህ?"

"ምንም። ዘይት እያየሁ ነው።"

"ና ወዲህ። አፍህን ክፈት።"

"እማዬ!"

"ክፈት አልኩህ! ላሽትህ!"

አልከፈተም። በእጁ ጀርባ ከንፈሩን ጠረገና መሬት መሬት አየ።

ቀስ እያለ ተናገረ። ነዳጅ ከሚቀዳበት አፍ ወደ ጋኑ የሚወርድ ወፍራም ጎማ አለ። ጎማውን አንቃ የምትይዝ ፋሸታ የምትባል ቀለበት አለች። ጋኑን አጥቦ ሲመልስ እሷን ማጥበቅ ረስቷል። ጋኑ ሲሞላ ቤንዚኑ እስከዚያ ይደርስና በዚያ በኩል ይንጠባጠባል፤ ዝቅ ሲል ያቆማል። ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

በመርሳቱ አልተቆጣሁም። መኪና የሚፈታ ሰው ይረሳል፤ አባቱም ስንት ነገር ሳያጠብቅ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል። ያስጠላኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ሳፋውን አነሣና ወደ ቦዩ ሊደፋው ሄደ።

"ለምን ትደፋዋለህ?"

"ሰው ሳይነሣ።"

እጁን ያዝኩት። ያኔ ልመናውን ጀመረ። "እማዬ፣ በአባዬ ሞት፣ ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ። ሰብሳቢ ነኝ እኮ። ሰው በምን ዓይን ያየኛል? ላምቦሬ እንደሆነ ሄዷል፤ ሌላ ቦታ ይቀጠራል።"

"በማን ዋስ?"

ሳፋውን ወደ ራሱ ሳበ።

"በዚህ ድንጋይ ላይ የሰው ልጆች ይጫወታሉ። ሰው ከሰል አያይዞ ያወጣል። ይሄ ሁሉ ቤንዚን ሲፈስ አድሮ አንተ የሚያስጨንቅህ ስምህ ነው?"

የወለድኩት ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ፊቱን ሳይ የተበላሸ ምግብ አፌ ውስጥ የገባ ያህል ቀፈፈኝ። ሳፋውን ከእጁ ቀማሁት። መኪና ማቆሚያው መሐል አስቀመጥኩትና በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ሰው ሲወጣ ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ" አልኩት።

መጀመሪያ የወጣችው ሰብለ ናት። አፍንጫዋን ይዛ "ውይ እማማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች። ሌሎችም ተከትለው ወጡ። ፍስሐ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"መኪናው ላይ አነስተኛ የቴክኒክ ችግር ታይቶ ተስተካክሏል" አለ።

ዜና የሚያነብ ነው የሚመስለው። በንግግሩ ውስጥ የላምቦሬ ስም የለም። የራሱም የለም። ፋሸታዋ በራሷ ላልታ በራሷ የጠበቀች ነው ያስመሰለው። ይሄኔ ብድግ አልኩ።

"ቤንዚኑን የሰረቀ የለም። ልጄ ራሱ ፈትቶ ሳያጠብቀው ነው የፈሰሰው። ያንን ፕላስቲክም በእጁ የሰጠው እሱ ነው። አንድ አባወራ አፉን አስከፍታችሁ ያሸተታችሁት በከንቱ ነው። አንቺም ስቀሻል ሰብለ!"

"እኛ ምን እናውቃለን እማማ? ኢንጂነሩ ያለንን ነው እኮ" አለች ሰብለ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። ሌላው ሰዓቱን አየና ሥራ ረፈደብኝ አለ። ትንሽ ቆይቶ ግቢው ባዶ ሆነ። ለማሽተት የተሰበሰበው ሰው ለይቅርታ ሲሆን አንድም አልቆመም።

ፍስሐን "ተነሥ፣ ጎሚስታው ጋ እንሂድ" አልኩት። ስብሰባ አለብኝ አለ። በሚኒባስ ብቻዬን ጉርድ ሾላ ሄድኩ። ጎሚስታው ታሪኩን ሲሰማ የያዘውን ጎማ ለቀቀው። "እማማ፣ እኔም እኮ አላመንኩትም። ያገሬን ሰው አላመንኩትም" አለ ደጋግሞ። ላምቦሬ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ግንባታ ላይ ብሎኬት ይሸከም ነበር፤ ሰው ልኮ አስጠራው። ነጭ አቧራ ለብሶ መጣ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ኮሚቴው እንዲመልሰው አደርጋለሁም አልኩት። አቧራውን ከእጁ አራገፈና እንዲህ አለኝ፦

"ለእርስዎ ስል በተመለስኩ ነበር እማማ። ግን ጠዋት በር ስከፍትላቸው ሁሉም አፌን ነው የሚያዩት።"

አልተከራከርኩትም። ልክ ነበር።

የምንኖርበት ቤት ባለቤቴ የተወልኝ፣ በእኔ ስም ያለ ነው። ላምቦሬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ሥራ ሲያገኝ ዋስ ሆኜ የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ፊርማዬ ግን ይነበባል። ፍስሐ ሲሰማ ጮኸ። "የምንኖርበትን ቤት ለዘበኛ?" አለኝ። "አዎ፣ ለዘበኛ" አልኩት።

ልጄን አሁንም እወደዋለሁ። አብሬው እበላለሁ፣ ሲያመው አስታምመዋለሁ። ጎረቤቶቹም እንደ ድሮው መኪናቸውን ይዘው "ኢንጂነር፣ እስቲ ይቺን ድምፅ ስማልኝ" እያሉ ይመጣሉ፤ እሱም ይሰማላቸዋል። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ የዚያን ሰው ድምፅ ግን አልሰማም።

አልፎ አልፎ በመኪናው በዚያ ሕንፃ በር እናልፋለን። ፍስሐ ክላክስ ያደርግና በመስኮቱ እጁን ያወጣል። ላምቦሬ ጨዋ ሰው ነው፣ እጁን አንሥቶ ይመልስለታል። "አየሽ እማዬ፣ ተረስቷል እኮ" ይለኛል ልጄ። እኔ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። በሩ ላይ መኪና ማቆሚያ ቦታ እንደ ልብ አለ፤ ልጄ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አቁሞ አልወረደም።