የቀለበት ጣት ጥፍር

የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሸማኔውን ቀናውን የሚያውቀው በጥፍሩ ነው። የቀኝ እጁ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ጥፍሮች ጫፋቸው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ሙያውን ያስተማረችው ቃሊቲ ውስጥ ትንሽ ሽመና ቤት ከፍታ የነበረች ሚዶሪ የምትባል ጃፓናዊት ናት። በአገሯ ኦቢ የሚሉት ሰፊ የሐር መቀነት አለ፤ ምርጡ የሚሠራው ማጉን በጥፍር ጥርስ እያበጠሩ፣ ክሩን በክር ላይ እያስጠጉ ነው። ቀን ሙሉ ተሠርቶ ስንዝር አይሞላም። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ለሚታገሥ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው።

ቀኝ እጅን በግራ መሞረድ አይመችምና የጥፍሩን ጥርስ የምታወጣለት ሚስቱ አቻምየለሽ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሰው ድመት አገባች እያለ ያማኛል እያለች ትሞርድለታለች። አፏ አያርፍም፤ እጇ ግን አይስትም።

አቻምየለሽ ስትሞት የሚዶሪ ልጅ በሠርጓ የምትታጠቀው መቀነት ገና ግማሽ ነበር። ቀናው አርባዋ እስኪወጣ አልነካውም። ሲመለስበት ጥፍሩ አድጎ ሐሩን እየያዘ ይበጥስበት ጀመር። መቆረጥ ነበረበት። ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ግን የእሷ እጅ ሥራ ነው፤ ልጅ አልወለዱም፣ ከእሷ የቀረው ይኸው ብቻ መሰለው። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ ለጥፍር እንኳ ያሳሳል።

እንደ ምንም ብሎ የመሃል ጣቱን በግራ እጁ ሞረደ። ጥርሱ ተወላገደ፤ ሽመናውም አብሮ ተወላገደ። የሠራውን መልሶ ፈታው። ሠርጉ ደግሞ ደርሷል።

ሞረዱን ይዞ ከሕንፃው ሥር ሱቅ ያላት አዚዛ ዘንድ ወረደ። በለቅሶው ሰሞን ከቤቱ ያልጠፋች ጎረቤት ናትና ብዙም ሳያስረዳት ገባት። የመሃል ጣቱን አስተካከለችለት። የቀለበት ጣቱን ግን አጥፎ ያዘ።

«ጋሽ ቀናው፣ ይቺስ?»

«እሷን የሞረደቻት አቻምየለሽ ናት።»

አዚዛ አልጎተተችውም። ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሰው አቁማ፣ መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። ቀናው በመጨረሻ ጣቱን ሰጣትና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

መቀነቱ ለሠርጉ ደረሰ። ሊልከው ሲል መስኮቱ ዳር ዘርግቶ በጣቱ ዳሰሰው፤ የአቻምየለሽ እጅ ያበቃበትን፣ የአዚዛ የጀመረበትን ሊለይ ፈልጎ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነበር። ደግሞ ዳሰሰው፤ አላገኛትም።