ለሰባታሚቱ ጭብሃ አጥር ታጠረለት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ... ታላቅ እህቴን ከባሏ ሊያስታርቁ ሽማግሌዎች ሰፈራችን ሰባታሚት፣ ትልቁ የጭብሃ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እህቴ በዚያ ሙቀት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ከሥሩ የባሏ ጣቶች ምልክት አለ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አይተውታል፣ ግን «ግጭት» ነው የሚሉት። ባልየው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መሬት መሬት ያያል። ጨዋ ለመምሰል አንደኛ ነው።

የሽማግሌዎቹ አውራ፣ ስንቱን ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ፣ በመቋሚያቸው ግንዱን መታ መታ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይኸን ተመልከች። ጭብሃው ዋንዛውን አቅፎት ኖረ። ከልጅነቴ ጀምሬ አይቻቸዋለሁ፣ አንድ ቀን አልተለያዩም። ትዳርም እንዲህ ነው።»

ሌሎቹ «እውነት ነው» አሉ። ባልየውም ራሱን ነቀነቀ... እኔ ደሜ ፈላ።

እህቴ ቀና ብላ ዛፉን አየችው።

«የኔታ፣ ዋንዛው የት አለ?»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ጭብሃ እንግዲህ ሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት ይለቃል፣ ከዚያ ያሳደገውን ዛፍ እየጠመጠመ ይይዘዋል። በሥሮቹ መሃል የቀረው እጅ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

«ሙቷል እኮ የኔታ። አንቆ ነው የገደለው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በቃ፣ እህቴ ተረፈች ብዬ ደስ አለኝ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢሆንም ልጄ... ጥላው መልካም ነው።»

ከዚያማ «ይቅር ለእግዜር» አስባሏት፣ ጉልበታቸውን አሳሟት። እጇን ይዤ «እንዳትሄጂ» ብላት «ልጆቼንስ ለማን ትቻቸው?» አለችኝ። ባሏን ተከትላ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ጥላው ሥር ጠላቸውን ጠጡ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በዚያው አለፍኩ። ጭብሃው ዙሪያውን በሽቦ ታጥሯል። ሰሌዳም ተተክሎለታል፦ «በአካባቢያችን እየጠፋ ያለ ዛፍ ነው። መንካት ክልክል ነው።»

«ምንድነው ነገሩ?» አልኩት ዘበኛውን።

«ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አልቆ ይኸ ብቻ ነው የቀረን፣ እህቴ። ክፉ እጅ እንዳያርፍበት ጠብቅ ተብያለሁ።»

ለአናቂው ዘበኛ ቆሞለታል... እህቴ ግን ዛሬም ነጠላዋን ከአንገቷ አላወረደችም።