ያልገጠመው የወረቀት ግድግዳ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ጥፋቱ የራሴ ስለሆነና ብቻዬን ልሸከመው ስላልቻልኩ ነው።

ሶዶ ከተማ፣ አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እሁድ እሁድ ከቸርች በኋላ አራት ጓደኛሞች ተሰብስበን የጠረጴዛ ጨዋታ እንጫወት ነበር። አንዱ ታሪክ ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው ሆነው ይገባሉ፤ ዳይስ እየወረወሩ ዕድላቸውን ይሞክራሉ። ተራኪው እኔ ነበርኩ። ታሪካችን ከመሬት በታች ባለ አሮጌ እስር ቤት ውስጥ ስለነበር እስር ቤቱን በወረቀት ሠራሁት። ሥዕሉን ከኢንተርኔት አውርጄ በወፍራም ወረቀት አትማለሁ፤ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መታጠፊያውን አሰምራለሁ፤ ከዚያ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በኮላ አጣብቃለሁ። ደረጃውም ኮሪደሩም ቁርጥ ድንጋይ ይመስሉ ነበር።

ከሁላችንም ይበልጥ ጨዋታውን የሚወደው ማርቆስ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ የተማሪ እስክሪብቶ እንኳ ሳያስፈቅድ አይነካም። በጨዋታው ውስጥ የሚሆነው ሰው ግን ዓይን ያወጣ ሌባ ነበር።

ኩላሊቱን ሲታመም እኛ እሱ ቤት መሄድ ጀመርን። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ለረቡዕ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉለት። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ የመጨረሻውን ክፍል ይዤ ሄድኩ። ከዓመት በላይ የተጫወትነው ታሪክ የሚያልቀው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ጠረጴዛውን አልጋው አጠገብ ስበን ስገጣጥመው ግድግዳዎቹ አልገናኝ አሉ። ወለሉን በትክክለኛው ልክ ነበር ያተምኩት። ግድግዳዎቹን ሳትም ግን ኮምፒውተሩ ሥዕሉን አሳንሶ ከወረቀቱ ልክ ጋር እንዲያስማማ የታዘዘበትን ምልክት ማጥፋት ረስቼ፣ ሁሉም ትንሽ አንሰው ወጥተዋል። ማዕዘኑ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቀረ። ሥራዬ ማተም ሆኖ! በጣም አፈርኩ።

«ተወው ባክህ» አለ ማርቆስ ትራሱን ተደግፎ። «ሌባ ክፍተት ይወዳል። እንጫወት።»

«እንዲህ ሆኖማ አይሆንም። ማክሰኞ አስተካክዬ አመጣዋለሁ።»

«እሺ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ብቻ ንገረኝ።»

«ሲያልቅ ታያለህ» አልኩት።

ሳቅ አለ። እውነቱን ልናገር፤ ለእሱ ብዬ አልነበረም። ሥራዬ እንከን እንዳይወጣለት ፈልጌ ነው።

ማክሰኞ መብራት እንደጠፋ ዋለ። ረቡዕ ጠዋት ማርቆስ መኪና ውስጥ ሆኖ እጁን አውለበለበልኝ። በሳምንቱ አስከሬኑ ተመለሰ።

የተቀበረው በትውልድ ቦታው በገሱባ ነው። ድንኳኑ ውስጥ እናቱ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን ይዘው፣ «ያንን የወረቀት ቤት ጨረሳችሁት ወይ፣ ልጄ? እሁድ እንጨርሳለን ብሎ ደውሎልኝ ነበር» አሉኝ።

«አዎ፣ ጨርሰናል» አልኳቸው። «ያሸነፈውም እሱ ነው።»

ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ወዲያው አጠገባቸው ለተቀመጡት ሴቶች በወላይትኛ ነገሯቸው፤ ሴቶቹም ለሌሎች አወሩ። ከድንኳኑ ስወጣ የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ልጃችንን አስደስተህ የሸኘኸው አንተ ነህ? ተባረክ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እያለቀስኩ ሄድኩ። ሰው ሁሉ የሐዘን ለቅሶ መሰለው።

ከዚያ ወዲህ እናቱ ለበዓል እየደወሉ ይመርቁኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። እውነቱን ብናገር የሚቀለው ለእኔ ነው፣ የሚከብደው ለእሳቸው። ስለዚህ ዝም ብያለሁ። ጸጸቱ ግን አልለቀቀኝም። ማርቆስ የጠየቀኝ አንዲት የእሁድ ከሰዓት ብቻ ነበር፤ ጊዜው እያለኝ ከለከልኩት።