ወይራዋን ዞሮ ያለፈው ገመድ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ የመስኮቱን ወንበር ይይዛሉ። ከሽርጣቸው በላይ የቁፋሮ ሠራተኛ ብርቱካናማ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ቀለሙ ቢለቅም ታጥቦ ንጹሕ ነው። የሐረጎን አቀበት ስንያያዘው በመንገዱ ዳር የተተከሉትን አጫጭር የሲሚንቶ ምልክቶች በጣታቸው ያሳያሉ። መንግሥት ለየወረዳው ኢንተርኔት ላስገባ ብሎ ገንዘብ ሲመድብ፣ ገመዱ የተቀበረበትን ቦይ ከቆፈሩት አንዱ እሳቸው ናቸው።

ትናንት አጠገባቸው የተቀመጠች ተማሪ «አባባ፣ ኢንተርኔቱን አይተውታል?» አለቻቸው።

«ወላሂ፣ መልኩንም አላውቀው!» ብለው ሳቁ።

ቀጥ ብለው የመጡት ምልክቶች አንዲት ወይራ ጋ ሲደርሱ ዞረው ያልፋሉ። ልጅቷ ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሃ ቀሩና ፊታቸውን አበሱ።

«መሐንዲሱም ጠይቆኝ ነበር። ‹ገመድ ይባክናል፣ በቀጥታ ቆፍር› አለኝ። ‹ፈጣን ነው ትሉ የለም እንዴ? ዞሮም ይደርሳል› አልኩት።»

ከወይራዋ ሥር ያለችውን ትንሽ መቃብር እስክትርቅ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት።

«ሸሪፋዬ እንደሁ ትንሽ ኮሽ ካለ ትነቃለች።»