አባቴ ጎፋ ላይ የጠመቀው ወይን ጠጅ

አባቴ ከደሴ ወደ እኛ ቤት የመጣው እናቴ ባረፈች በዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ከሞተች በኋላ በዚያ ሰፊ ቤት ብቻውን ሆኖ ሻይ አፍልቶ መጠጣት እንኳ እንደተወ አንድ ጎረቤት ደውሎ ነገረኝ። ሄጄ ይዤው መጣሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ገና ብዙም አልቆየንም፤ ጎፋ ውስጥ አንድ ግቢ ከዋናው ቤት ኋላ ያለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እኔ የመንግሥት ተቀጣሪ ነኝ፤ እሷ ነርስ ናት። ጠዋት ሁለታችንም ታክሲ ተጋፍተን ስንሄድ አባቴ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ማታ ስንመለስም እዚያው ነው። ሬዲዮኑ ይናገራል፣ እሱ ግን አይሰማውም።

"አባዬ፣ ለምን ወጣ ብለህ አትንሸራሸርም?" እለዋለሁ።

"የት ልሂድ? ማንን ላገኝ?" ይለኛል።

ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ታክሲው እሮጣለሁ።

የግቢው ባለቤት ከወላይታ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። "እትዬ" ነበር የምንላቸው። ጴንጤ ናቸው፤ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ የጸሎት ቡድን ይሰበሰባል፣ መዝሙሩም እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ከእሳቸው ቤትና ከእኛ ሰርቪስ መካከል በሽቦ ላይ የተንሰራፋ አንድ የወይን ተክል ነበረ። ግንዱ የሰው ክንድ ያህላል። ጥምቀት አለፍ ሲል ፍሬው ይጠቁራል፤ ግማሹን ወፍ ይበላዋል፣ ግማሹ የግቢው ሊሾ ላይ ረግፎ ይጨማለቃል። ተርብ ይወረናል። እትዬ መጥረጊያቸውን ይዘው እያጉረመረሙ ይጠርጋሉ፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና።

አባቴ በመጣ በመጀመሪያው በጋ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከወንበሩ ተነስቶ አንድ ዘለላ ቆረጠ። ፍሬውን ወደ ፀሐይ አድርጎ አየው፣ ቀመሰው፣ ዘሩን ተፋ። ከዚያ እትዬን ጠራቸው።

"እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ወይን በየዓመቱ እንዲሁ ነው የሚበላሸው?"

"ምን እናድርገው መምህር? ልጆች የቻሉትን ይበላሉ። ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ጭማቂ አድርጉት።"

"ወይን ጠጅ ላደርገው ነበር ያሰብኩት።"

የእትዬ ፊት ተለወጠ። "አይ፣ መምህር። ጭማቂ ከሆነ እሺ። የሚያሰክር ነገር እኔ ግቢ ውስጥ አይጠመቅም።"

ባለቤቴ ከኋላዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጭማቂ ነው ብሎ ቢወስድ ማን ያየዋል ማለቷ ነው። አባቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይሆንለትም። "ልዋሽዎ አልችልም" አላቸው፣ "ጭማቂ ብዬ ብወስደው ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ መብላላቱ አይቀርም። ስለዚህ ይቅር።" ዘለላውን በአክብሮት መልሶ ሰጣቸውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ እሑድ ከቸርች ሲመለሱ እትዬ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆሙ።

"ቢዋሹኝ ኖሮ እከለክልዎ ነበር" አሉት። "ፍሬውን ውሰዱት። እናንተ ቤት ውስጥ የምታደርጉት የእናንተ ጉዳይ ነው። ጠጥቶ የሚጮህ ሰው ግን ግቢዬ ውስጥ እንዳላይ።"

"አያዩም" አለ አባቴ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ሲስቅ አየሁት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ መሰላል ላይ ወጣ፤ እኔ ከታች ሆኜ በሳፋ እቀበለዋለሁ። ባለቤቴ ፍሬውን ልታጥብ ውሃ ስታመጣ ከመሰላሉ ላይ ጮኸ፦

"እንዳታጥቢው! ያ ነጭ አቧራ የሚመስለው እኮ ነው ሥራውን የሚሠራልን። እርሾው እዚያ ላይ ነው ያለው።"

"አባባ፣ የወፍ ኩስም አለበት እኮ።"

"እሱን ለይተሽ ጣይ።"

በእጃችን ጨፈለቅነው። እስከ ክርናችን ወይን ጠጅ ቀለም ሆንን፤ ባለቤቴ ሰኞ ሆስፒታል ስትገባ ጥፍሯ ውስጥ ያለውን ቀለም አይተው የሥራ ባልደረቦቿ ምን ነክቶሽ ነው እያሉ አስቸገሯት። ጭማቂውን ከነልጣጩ በወይራ በታጠነ እንስራ ውስጥ ጨመርንና አፉን በአቡጀዲ ሸፈንነው። አባቴ ኬሚስትሪ ያስተምር እንጂ ጠምቆ አያውቅም፤ እቤት ጠጁን ትጥል የነበረችው እናቴ ናት። ስለዚህ እሷ ለጠጅ ታደርግ የነበረውን ነው የሚያስታውሰው። በሦስተኛው ቀን ልጣጩ ወደ ላይ ተንሳፍፎ አረፋ ያዘ፣ ቤቱ በሙሉ እንደ ዳቦ ቤት ሸተተ። አባቴ ጠዋትና ማታ በእንጨት ማማሰያ ልጣጩን ወደ ታች ይደፍቀዋል፣ ጆሮውን እንስራው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል።

"ይሰማሃል? ስኳሩን እየበሉት ነው" ይለኛል። "ስኳሩ አልኮል ይሆናል፣ ጋዙ ይወጣል። ይኼንን ነገር ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ በጆሮዬ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው።"

ልጣጩን በጨርቅ ጨምቀን አወጣንና ፈሳሹን መልሰን እንስራው ውስጥ ከተትነው። ሁዳዴ ገባ። አባቴ በጾም መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ ለፋሲካ እንዲደርስ ብሎ ሳይነካው ከረመ። የፋሲካ ዕለት ዶሮው ከተበላ በኋላ በብርጭቆ ቀድቶ ለሦስታችን አቀረበ። ቀለሙ ያምራል። ባለቤቴ ፉት ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልትውጠውም ልትተፋውም አልቻለችም። እኔ ቀመስኩ። ጆሮዬ ድረስ ኮመጠጠኝ።

"አቼቶ ሆኗል" አለ አባቴ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ጣቱን አነሳ። "አየር ነው። አቡጀዲው አየር ያስገባል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማወቅ ነበረብኝ።" ድምፁ ውስጥ ሐዘን የለም። እንዲያውም ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምር መሰለኝ።

ስለ አቼቶው ከሁሉ በፊት የሰሙት እትዬ ናቸው፣ ምክንያቱም አባቴ በማግስቱ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ ወሰደላቸው። "የሚያሰክር አልሆነልኝም" አላቸው፣ "ሰላጣ ላይ ያድርጉት።" እትዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አቼቶው ግን እውነትም ጥሩ ነበር። ረቡዕ ዕለት የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ሰላጣው ላይ ቀምሰውት ወደዱት፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንዷ ባዶ ጠርሙስ ይዛ የእኛን በር ታንኳኳለች። አባቴ በማንቆርቆሪያ እየቀዳ፣ በምን ምክንያት እንደኮመጠጠ ያስረዳቸዋል። ክረምቱ ሳይወጣ በእነዚያ ሴቶች ዘንድ "የአቼቶው መምህር" ተባለ። ወንበሩ በር ላይ ባዶውን መዋል ጀመረ፤ ወይ እትዬ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣ ነው፣ ወይ ከአንዱ ጋር ቆሞ እያወራ ነው።

ለሁለተኛው ዓመት ቀድሞ ነው የተዘጋጀው። አንድ ቀን ምናለሽ ተራ ሄደን ከተከመረው አሮጌ ዕቃ መሐል አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ አገኘን። ታክሲ ውስጥ አባቴ እንደ ሕፃን አቅፎት ነው የመጣው። ባለቤቴ ከሆስፒታል ከእሽጉ ያልወጣ የግሉኮስ ቱቦ ጠይቃ አመጣችለት። እሱ የጠርሙሱን ቡሽ በጋለ ምስማር በስቶ ቱቦውን አስገባና ጫፉን ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። ጋዙ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። ዙሪያውን በሻማ አሸገው።

ፍሬው ሲደርስ እትዬ ራሳቸው ሳፋ ይዘው መጡ። "ወይኑ ሳይረግፍ እንቁረጠው" አሉ። እየቆረጥን ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ተክሉ ነገሩን። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ቅርንጫፉን ከዝዋይ አምጥተው የተከሉት እኚሁ ባላቸው ናቸው፤ ወይን ጠጅ ጠምቄ ወዳጆቼን እጋብዛለሁ እያሉ በየቀኑ ውሃ ያጠጡት ነበር። ተክሉ ለፍሬ ሳይደርስ ሁለቱም ጌታን ተቀበሉ።

"ከዚያ ወዲህ ስለ ወይን ጠጅ አንስቶ አያውቅም" አሉ እትዬ። "ግን አልነቀለውም። የቸርች ሰዎች ንቀለው ብለውት ነበር። ጥላው ይበቃኛል አለ።"

አባቴ መሰላሉ ላይ ቆሞ አዳመጣቸው። "እንኳን አልነቀሉት" ብቻ ነው ያለው።

የዚያ ዓመቱ ወይን በእኛ መኝታ ቤት ጥግ ተቀመጠ፣ ምክንያቱም እዚያ ፀሐይ አይገባም። ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። ባለቤቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሽታው መጀመሪያ አቅለሽልሿት ነበር፣ በኋላ ግን ያን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። አንድ ረቡዕ ጸሎቱ ሲያበቃ ከቡድኑ ሽማግሌዎች አንዱ ወደ እኛ በር መጡና "ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?" ብለው ጠየቁ። ደነገጥኩ። እትዬ ከኋላቸው ደርሰው "መምህር ሙከራ እየሠሩ ነው" አሉ። አባቴም "ወይን ጠጅ ነው፣ ይግቡና ይዩት" አላቸው። ሽማግሌው ገቡ። ብርጭቆው ውስጥ አረፋው ሲወጣ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። አባቴ ከስኳሩ ጀምሮ አስረዳቸው፣ እሳቸውም ጥያቄ ጠየቁ፣ እሱም መለሰ። ሲወጡ "እኔ ባልጠጣውም፣ ጥበቡ ይገርማል" ብለው እጁን ጨብጠውት ሄዱ።

ሁዳዴ ሳይገባ ቡልቅታው ቆሞ ዝቃጩ ታች ረጋ። አባቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ በቀጭን ጎማ እየሳበ የጠራውን ወደ ሌላ ዕቃ አዛወረው፤ ሲስብ አፉ ውስጥ የገባውን ዋጥ አድርጎ "እህ!" አለ። መሳቡንም ቀጠለ። እኔም እንድቀምስ ለመንኩት፣ ከለከለኝ። "ገና ጥሬ ነው። ይሰንብት።" ከየግሮሰሪው የለቃቀምናቸውን ባዶ ጠርሙሶች ቀቅለን ሞላንና አልጋው ሥር አጋደምናቸው። ፋሲካ መጣ፣ አልከፈተም። ሰው ሁሉ ሲጠይቀው "አቼቶ ከፈለጋችሁ አለ" ይላል።

ልጃችን ክረምቱ ሊገባ ሲል ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ሀና ማርያም ወስደን ክርስትና አስነሳናት፤ መንገዱ ያኔ ጭቃ ስለነበር አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ነው ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው። ቤት ስንደርስ እግሩን ሳይታጠብ አልጋው ሥር ገባና ጠርሙሶቹን ማውጣት ጀመረ።

ለእትዬና ለጸሎት ቡድኑ ሴቶች እንዳይብላላ አስቀድሞ አፍልቶ ያሸገውን የወይን ጭማቂ ለየ። ለቀረነው ከጠርሙሱ ቀዳ። ለክርስትናው በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሰው ፉት እያለ ቀመሰው። ጠጅ የለመደ አጎቴ ጣፋጭ ጠብቆ ነበር መሰል፣ መጀመሪያ ቅንድቡን ሰበሰበ፣ ከዚያ እንደገና ጠጣ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ዘረጋ። እኔ የዚያን ቀን የቀመስኩትን ጣዕም በደንብ አስታውሳለሁ። ደረቅ ነው፣ ትንሽ ይጎመዝዛል፣ ከዋጡት በኋላ ግን አፍ ውስጥ የፍሬው ጣዕም ይቀራል። ባለቤቴ ሕፃኗን እንደታቀፈች ፉት አለችና "አባባ፣ ይሄስ ወይን ጠጅ ነው" አለችው። አባቴ መሐረቡን አውጥቶ መነጽሩን ጠረገ፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

እትዬ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። የእሱን ብርጭቆ አነሱ። ሁላችንም አየናቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱትና መልሰው አስቀመጡት።

"ባሌ ደስ ይለው ነበር" አሉ።

"እዚህ ቢሆኑ ጥሩ ነበር" አለ አባቴ። "እኔም ባለቤቴ ብታየው እወድ ነበር። ጠጇን ሳደንቅላት 'አንተ ጠምቀህ ባየሁ' ትለኝ ነበር።"

ስለ እናቴ እንባ ሳይቀድመው ሲያወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እትዬም ስለ ባላቸው፣ ስለ መኪናው፣ ከዝዋይ ሲመለሱ ስለሚያመጡት ዓሣ አወሩ። ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

በቀጣዩ በጋ አባቴ ተክሉን ካልገረዝኩ አለ። እትዬ ደግሞ ቅርንጫፉን ባሳጠሩት ቁጥር ጥላ ያሳጡኛል ብለው ተቃወሙ። እሱ መሰላሉ ላይ፣ እሳቸው ከታች ሆነው፣ እያንዳንዷን ቅርንጫፍ እየጠቆሙ ሲከራከሩ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀባቸው። እኔና ባለቤቴ ልጃችንን ሊሾው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን አስቀምጠናት፣ ቁርስ እየበላን እናያቸዋለን።