በመሽሎኪያው በኩል ትምጣ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ በአንድ በርበሬ ወፍጮ ቤት ደጃፍ አለፍኩ። ሽታው ገና ሲደርሰኝ ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ አስነጠሰኝ። ተራ የምትጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴት ቀና ሳትል «ይማርሽ» አለችኝ። «ያኑርሽ» ብያት ጥቂት እንደተራመድኩ ቆምኩ። ያንን ቃል ከአጥር ማዶ ሲመጣ ነበር የማውቀው።

ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ የተወለድኩበት ቤት ከጎረቤታችን ግቢ የሚለየው በአንድ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነበር። አባቴ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ አንዲት ሴት ልጇን የምታሳድግ ሴት ነበረች። እኛ እስላሞች ነን፣ እሷ ክርስቲያን። በርበሬዋን በሙቀጫ ስትወቅጥ ሽታው አጥሩን አልፎ ይመጣና አባቴን ያስነጥሰዋል። እሷም ዘነዘናዋን ሳታቆም ከማዶ «ይማርህ!» ትላለች። «ያኑርሽ! ግን የምትገድይኝም የምታስምሪኝም አንቺው ነሽ» ይላታል አባቴ፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

አጥሩ ላይ አንድ መሽሎኪያ ነበር። እንዴት እንደተከፈተ እናቴ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። እኔን ስታምጥ አባቴ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዷል። ከቀትር በኋላ ነው፣ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ የእናቴን ጩኸት የሚሰማ መንገደኛ የለም። ጎረቤታችን ግን ሰማች። በመንገዱ ዞራ ብትመጣ የግቢያችን በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ተመልሳ መጥረቢያ አነሳች፣ ከአጥሩ ሁለት እንጨት ቆረጠችና በቀዳዳው ገባች። ወደዚህ ዓለም ስመጣ የተቀበለኝ እጅ የእሷ ነው። አባቴ ሲመለስ ቀዳዳውን አልደፈነውም፤ የቆርቆሮ በር ገጠመለት። መወርወሪያው በእሷ በኩል ነበር፣ ሆኖም ተወርውሮ አይቼው አላውቅም።

በዚያ በር ያልተላለፈ ነገር አልነበረም። ጎረቤታችን ለእኛ ብቻ የለየችው ድስት ነበራት፤ እሷ የምትበላው ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ለፋሲካ ዶሮ ስትገዛ አንዱን አስቀድማ ለአባቴ ትልክለታለች፣ እሱ ያርደዋል፣ እሷ በዚያ ድስት ትሠራውና በመሽሎኪያው ታቀብለናለች። እናቴም በጾም ወራት ለእሷ የምታቀርበውን ሳህን ቅቤ እንዳይሸት ሁለት ጊዜ ታጥበዋለች። ይህን ሁሉ እንደ ቁም ነገር ያወራው ሰው አልነበረም። እንዲሁ ይደረግ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አጎቴ አባቴን «አዲስ አበባ ና፣ አብረን እንሥራ» አለው። አባቴ ቤቱን ለመሸጥ ቆረጠ። ወሬ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ነገር ሳያልቅ ከተወራ ይበላሻል ብሎ ያምናል። እናቴን ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቃት።

«ለእሷም?» አለችው እናቴ ወደ አጥሩ እያየች።

«ለእሷም። ሲያልቅ ትነግሪያታለሽ።»

እናቴ እሺ አለች። ያን ወር ሙሉ በመሽሎኪያው እየሄደች ተቀምጣ ስትመለስ ፊቷ አመድ ይመስል ነበር። አንድ ቀን እጇን እያሻሸች «ዛሬም ሳልነግራት መጣሁ» አለችኝ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደላላው ገዢውን ይዞ መጣ። ወሰኑን ለማየት የጎረቤታችንን በር አንኳኳና «ቤቱ ተሽጧል እኮ፣ አልሰሙም እንዴ?» አላት።

እጇን ሳትታጠብ ነበር የመጣች፤ መዳፏ በበርበሬ ቀልቷል። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ።

«ይኸ ሰውዬ የሚለው እውነት ነው?»

እናቴ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ መልቀሟን ቀጠለች።

«ይኸን ሁሉ ዘመን በአንድ አጥር ኑረን፣ መሄድሽን ከደላላ አፍ ልስማ?»

«አባታቸው ነው፣ እህቴ። ነገሩ ሳያልቅ ለሰው እንዳትናገሪ ብሎኝ…»

«ለሰው» አለች ጎረቤታችን። ቃሉን ቀስ አድርጋ ነው ያለችው። «ለካ እኔም ሰው ነኝ።»

በመጣችበት ተመለሰች። ከዚያ የመወርወሪያውን ድምፅ ሰማን። እናቴ የለቀመችውን ምስር ካልተለቀመው ጋር ደባለቀችውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። ጎረቤታችን ፍልሰታን ቅዳሴ ሳታስቀድስ አትውልም፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው እህል የምትቀምስ። ከጾሙ ቀናት በአንዱ እናቴ የሱፍ ፍትፍት ሠራችና በሳህን ከድና «በዋናው በር ዙሪና ስጫት፣ ሌላ ምንም አትበያት» ብላ ላከችኝ። ስደርስ ገና ከቤተ ክርስቲያን መግባቷ ነበር። ጃንጥላዋ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከንፈሯ በጾም ደርቋል። ሳህኑን አየችው። አልተቀበለችኝም።

«በልቻለሁ በያት።»

አለመብላቷን አውቃለሁ። እኔ ማወቄንም እሷ ታውቃለች። ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ቆይቼ ግን ጓዳ ውስጥ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት፤ ድምፅ እንዳይወጣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ጎረቤታችንን የጠላኋት ያን ቀን ነው። በልጅ ልብ፣ እስከ መጨረሻው።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ከትምህርት ቤት መሸኛዬን ተቀብዬ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነበር። ያካፋል። ወረቀቱ እንዳይርስ ሹራቤ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ጠራችኝ።

«ምንድን ነው የደበቅሽው?»

«መሸኛ ነው፣ እትዬ።»

«ላንቺስ መሸኛ ሰጡሽ» አለች። ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። እጇን ሰዳ የተንሸራተተ ሻሼን አስተካከለችልኝ። ጣቶቿ እንደ ወትሮው ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸቱ ነበር። «ስሚኝ ልጄ። ለእናትሽ ንገሪያት። ነገ መኪናው ሳይነሳ በመሽሎኪያው በኩል ትምጣ። መወርወሪያውን አነሳዋለሁ። እኔ እንዳልመጣ ግቢው ሰው ይሞላል፤ ያን ሁሉ ሰው እያየኝ ይቅር በይኝ ማለት አልችልም። ትነግሪያታለሽ?»

«እሺ፣ እነግርልዎታለሁ።»

«እንዳትረሺ።»

አልረሳሁም። ረስቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ሳህኖቻችንን በጋዜጣ እየጠቀለለች ታስራለች። በእጇ የያዘችው ያ የተመለሰው ሳህን ነበር። ወይም ሌላ ነው፣ ሳህኖቻችን ይመሳሰሉ ነበር። እኔን ግን ያው መሰለኝ። አፌ ላይ የደረሰውን ቃል መለስኩት። «ትጠብቅ» አልኩ በሆዴ። «እናቴን እንዳስለቀሰቻት፣ እሷም ትጠብቅና ትየው።» የእናቴን ቂም የያዝኩላት መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ቂም አልነበራትም።

በማግስቱ የጭነት መኪናው በጠዋት መጣ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ጭጋጉ ባሕር ዛፎቹ ወገብ ላይ ተኝቶ ነበር። ዕቃው እየወጣ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ድምፃችን መለወጥ ጀመረ፤ አባቴ «ያን ጫፍ ያዝ» ሲል ባዶው ክፍል መልሶ ይለዋል። ቁም ሣጥኑ ከተነሳበት ግድግዳ የድሮው ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። እኔ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ወለሉን ጠረገች። አባቴ «ለሰው ቤት ምን ያደክምሽ?» ቢላት «የሚገባበት ሰው በቆሻሻ እንዳያነሳኝ ነው» አለችው።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ፣ ክርስቲያኖቹም እጃቸውን ዘርግተው አሜን አሉ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር እየተቃቀፈች ዓይኗ በትከሻቸው ላይ ወደ መሽሎኪያው ይሄድ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደዚያ ስትራመድ አየኋት። ሁለቱንም ጊዜ ማድ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ቆርቆሮውን አይታ ተመለሰች። እንደተዘጋ ነው የመሰላት። ብትገፋው ይከፈት ነበር።

አባቴ ከማድ ቤቱ ጀርባ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ እንዳመጣ ላከኝ። ገመዱ የታሰረው ከመሽሎኪያው አጠገብ ነበር። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ አጮለቅሁ። ጎረቤታችን በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታለች። ጭኗ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ፤ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ፣ እሷ ግን አልተነሳችም። ገመዱን ስስብ አጥሩ ተንቋቋ። ብድግ አለች።

«መጣሽ?»

ገመዱን መሳቤን ተውኩ። ከዚህ ወዲያ የሰማሁት ጠብታውን ነው፣ ከቆርቆሮው ጫፍ ወደ ጭቃው የሚወርደውን። ከዚያ በእግሬ ጣት ወደ ኋላዬ ተመለስኩ።

መኪናው ደጀን ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት ፍሬኑን ሊያይ ወረደ። እናቴና እኔ ጋቢና ውስጥ ነን። በመስኮቱ ወደመጣንበት እያየች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ ሳትል» አለች። ያኔ መናገር እችል ነበር። ከደጀን ደብረ ማርቆስ ምን ያህል ነው? ሾፌሩ ተመልሶ ገባ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ቁልቁለቱን ያዝነው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄዱ። እናቴ ከአገር ሰው በመጣ ቁጥር «እሷስ ደህና ናት?» ትላለች። አንድ ሰው ስልክ ቁጥሯን አምጥቶላት ነበር። ቁጥሩን ትነካካና ሳይጠራ ትዘጋዋለች። «ተቀይማኛለች፣ ምን ብዬ?» ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አባቴን ቀበርን። እውነት በቆየች ቁጥር ለመናገር ትከብዳለች፤ መጀመሪያ ጥፋቴን ደበቅሁ፣ ኋላ ደግሞ መደበቄን።

ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ማረፏ ተነገረን። እናቴ መሬት ቁጭ ብላ «ሳንታረቅ!» እያለች አለቀሰች። ይህን መቋቋም አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ መሸኛውን፣ መልእክቱን፣ በርጩማውን፣ «መጣሽ?» ማለቷን። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «ልጅ ነበርሽ» አለችና ሁለት ቀን ከእኔ ጋር ሳትነጋገር ቆየች። በሦስተኛው ቀን «ወስደሽ አድርሺኝ» አለችኝ።

መንገዱ ደህና ሆኗል በተባለበት ሳምንት ተነሳን። አውቶቡሱ ውስጥ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ብዙ ጠበቀችኝ?»

«አላውቅም፣ እማ።»

ከቤታችን የቀረ ነገር አልነበረም። በቦታው ባለመስታወት ፎቅ ቆሟል፣ አጥሩም የብሎኬት ግንብ ሆኗል። እናቴ ግንቡን በመዳፏ ነካችው፣ እንደ ሰው ግንባር። ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ገባን።

የጎረቤታችን ልጅ አስተማሪ ሆናለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። እናቴን ስታይ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ተላቅሰው ሲበቃቸው ሦስታችንም አንድ መደብ ላይ ተቀመጥን። ልጅቱ ወደ እናቴ ዞረችና እንዲህ አለች፦

«ልጠይቅዎት ይፍቀዱልኝ። የሄዳችሁ ዕለት እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በዚያ በር ሥር ነበረች። መኪናው ከሄደ በኋላም አልነሳ አለችኝ። በልጅዎ በኩል መልእክት ልኬላት ነበር ትል ነበር። ደርሶዎት ነበር?»

ወደ እኔ አላየችም። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

የእናቴ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈ፣ ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

«ደርሶኝ ነበር፣ ልጄ» አለች። «ኮርቼ ነው የቀረሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ልጅቱ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። «እሷም ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች ነው የሞተችው» አለች።

ለቀስተኞች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። «ነፍስ ይማር» ይላሉ፣ እናቴ ከሁሉም ጋር «አሜን» ትላለች። እጇ ግን እስክንነሳ ድረስ ከጉልበቴ ላይ አልተነሳም።