ስምንት ቅጽ፣ አንድ ስልክ

ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት ባስቱ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ስዊድን ውስጥ፣ ስምንት ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ ሲምሃል በሚሉት የመዋኛ አዳራሽ እየተገናኘን እንዋኝና ከዋና በኋላ ባስቱ ወደሚሏት የጋለች የእንጨት ክፍል ገብተን ላባችንን እናንጠፈጥፍ ነበር። ለወገብ ሕመም ብሎ ሐኪም የላከው ሁለታችንን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የሳባቸው ወሬው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ሁላችንም ደህና ዋናተኛ ሆንን።

ያን ቀን ወሬውን የጀመረው ወሎዬው ነበር። እንደኔ ዩልስታ የሚኖር፣ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞረ የሚረዳ፣ ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። ልጅቷ ሌላ ከተማ ሕክምና ትማራለች ይለን ነበር። አይተናት አናውቅም።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ጨረቃ ሙሉ ናት» አለ። «በካያክ ባሕር ላይ እንውጣ።»

«ካያክ ማለት ያ ሰው እስከ ወገቡ ተቀብሮ የሚቀዝፍበት ጀልባ?» አለ ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ነጂው። ሃግሴትራ የሚኖር ጴንጤ ነው፤ ቀልድ አያልፈውም። «ክዳኑ የተነሳ የሬሳ ሣጥን በለው!»

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን ሻለቃ አልሳቁም። «ለምን ሐሙስ? ቅዳሜ አይሆንም?»

«ሐሙስ ነው፣ ሻለቃ።»

«አንድ ሰው ቢቀርስ?»

«እንዳይቀር። ስምንት ነው የሚፈለገው።»

«ማነው የሚመራን?»

«ባለሙያ አለ።»

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ብዙ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬአለሁ። የሚለፈልፍ ሰው አያሳስበኝም። ጨዋታ አዋቂ የነበረ ሰው በአጭር በአጭሩ መመለስ ሲጀምር ግን ደብተሬን አወጣለሁ። ባስቱ ውስጥ ደብተር ስላልነበረኝ በልቤ ያዝኩት።

በሳምንቱ ወሎዬው ስምንት ቅጽ ይዞ መጣ። ስም፣ አድራሻ፣ መዋኘት ትችላለህ ወይ፣ አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት የቅርብ ዘመድ ስምና ስልክ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንዳችንም ብዕር ሳናነሳ ወረቀቶቹን አጥፈን ቦርሳችን ከተትን።

ይህን ስዊድኖች አይረዱትም ነበር። ለመሥሪያ ቤቶቻቸው በየወሩ ያለ ሐሳብ ቅጽ እንሞላለን። ያገራችን ሰው ወረቀት ሲዘረጋልን ግን ብዕሩ ይከብደናል። ሻለቃ የተሰደዱት ስማቸው አንድ ዝርዝር ላይ ስለወጣ ነው። ባቡር ነጂው በጸሎት ቤት መዝገብ ላይ በመገኘቱ ብቻ ታስሯል። እኔም የማውቃቸው ሰዎች በስም ዝርዝር ሲለቀሙ አይቻለሁ።

ሻለቃ ወደ ቁም ሣጥኑ ጥግ ሳቡኝ። «የባሕሩን ነገር ተወው። የዘመዶቼን ስልክ ምን ያደርግለታል? አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? አጣራ እንጂ!»

አጣራሁ። ያን ጊዜ ለሐበሻው ማኅበረሰብ በሳምንት አንድ ቀን የሚተላለፍ የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ነበረኝ፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ሥራዬ ነው። ቤተ መጻሕፍት ደወልኩ፤ ሐሙስ በእርግጥ ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ቅጹ ላይ ስሙ ወደተጻፈው የካያክ ክበብ ደወልኩ፤ ጉዞው አለ፣ መሪው ግን ገና ተፈታኝ ነው፣ ስሙን በስልክ አንናገርም አሉኝ። ወሎዬው «ባለሙያ» ያለን ተፈታኝ ነው ማለት ነው። ሦስተኛውን ማስረጃ ሳላስበው አገኘሁት። ማክሰኞ ዕለት ስፖንጋ ጣቢያ አውቶቡስ ስጠብቅ ወሎዬው ከአንዲት ወጣት ጋር ቆሟል። ሐበሻ ናት፤ ሹሩባዋ ርሷል። የታጠፈ ወረቀት ሰጣት፣ አንብባ ራሷን ነቀነቀች፣ እሱ ዙሪያውን ገላምጦ ወደ ባቡሩ ሄደ።

ሦስቱንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ድምዳሜ አልጻፍኩም። እንቅልፌ ግን ተቆራረጠ።

በዚያው ሳምንት ሻለቃ ደወሉልኝ። «በዘመድ ቦታ ያንተን ስልክ ልጻፈው? ለማንም እንዳትናገር።»

«ይጻፉት፣ ሻለቃ።»

በማግስቱ ባቡር ነጂው ደወለ። «ወንድሜ፣ አንተ እንኳ ምስጢር ታውቃለህ። ስልክህን ልጠቀምበት? በመካከላችን ይቅር።»

የአንዱን ምንጭ ቃል ለሌላው አልነግርም፤ ልማዴ ነው። ለሁለቱም እሺ አልኩ። ማታ የራሴን ቅጽ ሳወጣ፣ ሃግሴትራ ያለችው ታናሽ እህቴ ትዝ አለችኝ። ስልኳን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። «ወንድም» ብዬ የሌለ ስም ፈጠርኩና ከጎኑ የራሴን ቁጥር ጻፍኩ።

ጉዞውን ለምን አልተውኩትም? ከውጭ ሆኖ የሚጠረጠር ነገር ከውስጥ ሲታይ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ስለማውቅ ነው። ቅጹን ለወሎዬው ሰጠሁት።

ሐሙስ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሥራ በኋላ፣ ወሎዬው ባሕሩ ዳር ወዳለው የጀልባ ቤት ሰበሰበን። ቀይና ቢጫ ካያኮች በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። የስፖንጋዋ ልጅ ከውስጥ ወጣች። ሰላም ብላን ስምንቱን ቅጽ አንድ የተገለበጠ ካያክ ጀርባ ላይ ደረደረቻቸው።

«ይህ ሰው ማነው?» አለች በስዊድንኛ፣ ጣቷን አንዱ ቁጥር ላይ አድርጋ። ከዚያ ሁለተኛው ላይ፤ ከዚያ ሦስተኛው ላይ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስምንቱም ላይ የኔ ስልክ ነው። ስሞቹ ይለያያሉ፤ አጎት፣ ወንድም፣ ሚስት ሳይቀር። የፈቀድኩት ለሁለት ሰው ነበር።

ሻለቃ ባቡር ነጂውን አዩ። ባቡር ነጂው ጫማውን አየ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«አንተም ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ስለዚህ ስምንታችሁም ብትሰጥሙ የምደውለው አብሯችሁ ለሰጠመው ሰው ነው።»

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው፤ የልጅቷ ድምፅ ተሰብሯል። ፈታኙ ነገ ጠዋት ወረቀቶቹን ያያል፣ የሐሰት ከሆኑ ጉዞውም ፈተናውም ይሰረዛል፣ ሌላ ዕድል የሚገኘው ከዓመት በኋላ ነው አለች። ከዚያ ወደ ወሎዬው ዞራ፣ «ፓፓ፣ እውነቱን ንገራቸው ብዬህ ነበር እኮ» አለችው።

«ልጅህ ናት?» አሉ ሻለቃ። «ሕክምና ትማራለች አላልከንም?»

«ትማር ነበር።» ወሎዬው መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ዓመት ሳይሞላት ተወችው። ባሕር ይሻለኛል አለች። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሐኪም ትሆናለች ያልኳችሁ ልጅ ጀልባ ቀዛፊ ሆነች ልበላችሁ? ስምንት ጀማሪ ይዛ በጨረቃ ወጥታ በሰላም ካልመለሰች አታልፍም። ጓደኞቿ አጎትና አክስቶቻቸውን አምጥተው ተፈተኑ። እኛ እዚህ አገር ማን አለን? እናንተ ናችሁ።»

«ታዲያ ይህንኑ ባስቱ ውስጥ ብትነግረን ምን ነበረበት?»

«ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ባሕር ላይ ትመራናለች ብላችሁ ትመጡ ነበር፣ ሻለቃ?»

አንመጣም ነበር።

ሦስቱ ማስረጃዎቼ እውነት ነበሩ። በአንዱም አልተሳሳትኩም፤ የተሳሳትኩት በሰውየው ነው። ልጅቷን አዲስ ቅጽ ጠየቅኳት። የእህቴን እውነተኛ ስም፣ አድራሻና ስልክ ሁሉም እያዩኝ ጻፍኩና ሰጠኋት።

ሻለቃ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ብዕሩን» አሉ። የባለቤታቸውን ስም ሲጽፉ፣ ፈተና ላይ እንደሚከልል ተማሪ በግራ እጃቸው ከልለው ነበር። ቢሆንም ጻፉ። ባቡር ነጂው ተከተለ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ።

መጨረሻ የቀረው ወሎዬው ነው። ብዕሩን ይዞ ቆሟል፣ አይጽፍም። አሁንም የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኩት።

«ምነው? ጻፍ እንጂ» አልኩት።

«የኔ ዘመድ እሷው ናት» አለ በአገጩ ወደ ልጁ እየጠቆመ። «እሷ ደግሞ ሐሙስ ባሕር ላይ ናት። ያንተን የጻፍኩት ሌላ ሰው ቢጠፋኝ ነው።»

ከስምንታችን ስልኬን ያለ ጥርጣሬ የጻፈ እሱ ብቻ ነበር። ብዕሩን ተቀበልኩትና በቅጹ ላይ የእህቴን ቁጥር ጻፍኩለት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ወሎዬው ሥራ ቦታዬ ደወለ። «ተቀበሉት። ሐሙስ ነው!» አለ፤ ያን ቀን ግን ወሬው ማለቂያ አልነበረውም። ስዘጋው እህቴ ዘንድ ደወልኩ።

«ስልክሽን ለሰው ሰጥቻለሁ» አልኳት።

«ለማን?»

«ለአንዲት ልጅ። ነገ ማታ ከስልኩ አትራቂ። ካልደወለች ደህና ነን ማለት ነው።»

ወንበር ስትስብ ተሰማኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«ስምንት።»

«ለምን ስምንት?» አለች እህቴ።